ይድነቃቸው ተሰማና የጥር 13ቱ ዋንጫ

ለዚህ ዕትም የአንድ የታወቀ ሰው ሕይወት ጻፊ ስባል ብዙም ሳላስብ አቶ ይድነቃቸው ተሰማን መረጥኩ። ስማቸውን ገና ስጠራ ኳስ ለኛ ምናችን ነው የምትል እህት እንዳለች አውቃለሁ። እውነቷን ነው፣ ብዙዎቻችን ከኳስ ጋር የምንገናኘው የቤቱ ልጆች ሶፋ ላይ እየዘለሉ ሲያዩ ሻዩንና ቴምሩን ስናቀርብ፣ ሲያልቅ ደግሞ የፈሰሰውን ስንጠርግ ነው። የእኚህ ሰው ሕይወት ግን ከኳስ ያልፋል። ማን ከማን ጋር ይሰለፋል፣ ማን ከፊት ይቆማል፣ ማን ደግሞ ከበር ይመለሳል የሚለው ነገር ከልጅነት እስከ ሞት ሲያታግላቸው ኖሯል። ዓመቶቹን በኛ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት፤ በፈረንጆቹ የሆነውን እ.ኤ.አ. ብዬ ለይቼዋለሁ።

አቶ ይድነቃቸው የተወለዱት ጅማ ውስጥ፣ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ነው። በእንቁጣጣሽ ዕለት መሆኑ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥማቸውና በዘፈናቸው የታወቁ ሰው ነበሩ። በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ፣ የመኪና ሙያ እንዲማሩ ወደ ጀርመን ተልከው ሳለ በዚያው ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸው ተመለሱ። ከኢትዮጵያውያን በሸክላ በመዝፈን የመጀመሪያው እሳቸው ናቸው። እንግዲህ አባትየው ለዘፈኑ፣ ልጅየው ለኳሱ መንገድ ከፋች ሆኑ ማለት ነው። አንድ ቤት እንዲህ ሁለት ጊዜ ሲታደል ብዙ አይታይም።

ይድነቃቸው የ14 ዓመት ልጅ ሳሉ፣ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ውስጥ ቅዱስ ጊዮርጊስ የሚባለው ቡድን ተቋቋመ። ያቋቋሙት አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የተባሉ ወጣቶች ናቸው። ጊዜውን ልብ በሉት፤ ጦርነቱ ተጀምሯል፣ ሰው ልጁን ወደ ዘመቻ እየሸኘ ነው። ቡድኑ አምስት ወር ያህል እንኳ በቅጡ ሳይቆይ ሚያዝያ 27 ቀን የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ።

ጣሊያን ከተማዋን በቀለም ከፈላት። ነጭ የሚኖርበት ሰፈር ሌላ፣ ሐበሻ የሚኖርበት ሌላ ሆነ። ዛሬ መርካቶ የምንለው ገበያ እንኳ የሐበሻ ገበያ ተብሎ ከአራዳ የተለየው ያን ጊዜ ነው። ኳሱም እንደዚያው ነበር፤ ሐበሻ ከሐበሻ ጋር እንጂ ከነጭ ጋር አይጋጠምም። ጊዮርጊስ የሚለው ስምም አልተወደደምና ቡድኑ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር ተብሎ እንዲጠራ ተደረገ። ይድነቃቸው ከልጅነት ወደ ወጣትነት ያለፉት በዚህ ዘመን፣ በዚህ ቡድን ውስጥ ነው፤ በገዛ ከተማቸው ዳር ተደርገው። ኋላ ደቡብ አፍሪካ ላይ ለምን ያን ያህል እንደከረሩ የሚጠይቅ ካለ መልሱን ከዚህ ቢፈልግ አይሳሳትም ባይ ነኝ።

በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ወጣ፣ ቡድኑም ስሙን መለሰ። እ.ኤ.አ. በ1943 የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ተቋቋመ፣ በዓመቱ ውድድር ተጀመረ። የተወዳደሩት አምስት ቡድኖች ናቸው፤ ከአምስቱ የሐበሻው ጊዮርጊስ ብቻ ነበር። ፎርቲቱዶ የጣሊያኖች፣ አራራት የአርመኖች፣ ኦሎምፒያኮስ የግሪኮች፣ አምስተኛው የእንግሊዝ ጦር ነው። ትናንት አብረኸን አትጫወትም ከተባሉት ጋር ዛሬ ፊት ለፊት መቆም ምን ስሜት እንደሚሰጥ እናንተው ገምቱት። ይድነቃቸው ለጊዮርጊስ 23 ዓመት ተጫወቱ። 365 ጨዋታ፣ 318 ጎል። በየጨዋታው አንድ ጎል ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። እየተጫወቱም በፌዴሬሽኑ ሥራ ውስጥ ነበሩ፣ ለብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል።

እ.ኤ.አ. በ1956 ሊዝበን ላይ በተደረገ የፊፋ ጉባኤ የአፍሪካ ተወካዮች የራሳችን ማኅበር ይኑረን ብለው ተነሡ። በዓመቱ፣ የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም.፣ ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ባጭሩ ካፍ፣ ተመሠረተ። መሥራቾቹ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ናቸው። ኢትዮጵያን ወክለው ከተቀመጡት አንዱ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ እዚያው ሊጀመር ሲል ግን ደቡብ አፍሪካ ወይ ነጭ ብቻ ወይ ጥቁር ብቻ እልካለሁ እንጂ የተደባለቀ ቡድን አልልክም አለች። ሦስቱ አገሮች እንዲህ ከሆነ ቅሪ አሏት። አራት ሆኖ የተወለደ ማኅበር፣ ገና በሳምንቱ አንዱን አባል አስቀርቶ በሦስት ጀመረ። ድሃ አገሮች ናቸው፣ ውድድሩ ገና አልተለመደም፣ ቡድንም ያጥራቸዋል። ዝም ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር እኮ!

በዕጣው ኢትዮጵያ የምትገጥመው ደቡብ አፍሪካን ስለነበር ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች። ፍጻሜው ላይ ግብፅ ጠበቀቻት፤ 4 ለ 0። አራቱንም ያገባው አድ ዲባ የሚባል አንድ ሰው ነው። በ1951 ዓ.ም. ካይሮ ላይ እንደገና ተገናኙ፤ አሁንም 4 ለ 0። ሁለት ጨዋታ፣ ስምንት ጎል ተቆጠረባት፣ አንድም አላገባችም። ግብፅ ሁለቱንም ዋንጫ ወሰደች። የ1954ቱን ነገር ለመረዳት ይሄን ስምንት ለዜሮ አለመርሳት ነው።

ሦስተኛው ዋንጫ በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተዘጋጀ። ቦታው ያኔ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም የሚባለው፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ስታዲየም የምንለው ነው። አራት አገሮች መጡ፦ ኢትዮጵያ፣ ቱኒዚያ፣ ኡጋንዳና ግብፅ። ግብፅ ያኔ የተባበረው ዐረብ ሪፐብሊክ ነበር ስሟ። የኛን ቡድን የሚመሩት ከጥቂት ዓመት በፊት ጫማቸውን የሰቀሉት አቶ ይድነቃቸው ናቸው።

ለፍጻሜ ያሰለፏቸውን ልጆች ስም ልጻፍላችሁ። በረኛው ጊላ ሚካኤል ተክለ ማርያም፣ ከዚያ ክፍሎም አርአያ፣ አስመላሽ በርሄ፣ በርሄ ጎይቶም፣ አዋድ መሐመድ፣ ተስፋዬ ገብረ መድኅን፣ ግርማ ተክሌ፣ ጌታቸው ወልዴ፣ መንግሥቱ ወርቁ፣ ወንድማማቾቹ ሉቺያኖ ቫሳሎና ኢታሎ ቫሳሎ። ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው እስቲ። ትግርኛው አለ፣ አማራው አለ፣ እስላሙ፣ ክርስቲያኑ፣ ክልሱ አለ። ብዙዎቹ የአስመራ ልጆች ናቸው።

ጥር 6 ቀን መጀመሪያ ቱኒዚያን ገጠሙ። ቱኒዚያ 2 ለ 0 መራች። የኛዎቹ ከዚያ ተነሥተው 4 ለ 2 አሸነፉ፣ መንግሥቱ ወርቁ ብቻውን ሁለት አገባ። ግብፅ ደግሞ ኡጋንዳን 2 ለ 1 አሸነፈችና ያው የተለመደችው ግብፅ በፍጻሜው መጣች። ቀኑ እሑድ ጥር 13 ነው። ጥር 11 ጥምቀት፣ ጥር 12 ቃና ዘገሊላ፣ በማግሥቱ ፍጻሜ። ከተማው ገና ነጭ ልብሱን አላወለቀም፣ የበዓሉ ጠላም አላለቀም።

እዚህ ላይ የጎረቤታችንን ነገር ላምጣ። ጉለሌ፣ እኛ ግቢ አጠገብ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ስማቸውን እንድጽፍ ስላላስፈቀድኳቸው ጋሼ ብዬ ልለፍ። ያን ቀን የ17 ዓመት ልጅ ሆነው ስታዲየም ገብተው ነበር። ለጥምቀት የተገዛላቸውን አዲስ ሸሚዝ ለብሰው ሄደው፣ ማታ ባንድ እጅጌ ተመለሱ። እናታቸው እስኪሞቱ ድረስ ያን ሸሚዝ እያነሡ ይወቅሷቸው ነበር አሉ። ጋሼ ጨዋታውን ሲያወሩ ከመጀመሪያው አይጀምሩም። ሁልጊዜ ከ84ኛው ደቂቃ ነው የሚጀምሩት። እኔ ግን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

በ35ኛው ደቂቃ ባዳዊ የሚባለው ግብፃዊ አገባ። 1 ለ 0። ዕረፍት ተወጣ፣ ተገባ፣ ምንም የለም። ጋሼ እንደሚሉት ሰው መጮኹን ትቶ ዝም ብሎ ነበር፤ ያለፉት ሁለት አራት ለዜሮዎች በሁሉም ሰው ሆድ ውስጥ ነበሩና። በ74ኛው ደቂቃ ግርማ ተክሌ አገባና አንድ አቻ ሆነ። ሰው ተቃቅፎ ገና ሳይላቀቅ፣ በ75ኛው፣ ያው ባዳዊ ደገመ። 2 ለ 1። እንዲህ ያለ ነገር ነው አንጀት የሚያሳርር። ባይገባ ይሻል ነበር ያሰኛል። ሩብ ሰዓት ቀርቷል። ከዚያ ነው እንግዲህ የጋሼ 84ኛ ደቂቃ የመጣው፤ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ አገባ፣ 2 ለ 2። የጋሼ እጅጌ የቀረውም ያኔ ነው፤ ከኋላቸው የነበረ የማያውቁት ሰው ጎትቶ አቀፋቸው፣ እጅጌው እሱ ጋር ቀረ። ሰውየውን ከዚያ በኋላ አይተውት አያውቁም።

ጨዋታው ወደ ተጨማሪ ሠላሳ ደቂቃ ሄደ። በ101ኛው ደቂቃ ታናሽየው ቫሳሎ፣ ኢታሎ፣ አገባ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ መራች። በ117ኛው መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመረና አለቀ። 4 ለ 2። በሁለት ዋንጫ ከኛ አንድም ጎል ያልቀመሰችው ግብፅ በአንድ ከሰዓት አራት ጠጣች።

ጋሼ ግብፅ ሦስት ጊዜ መርታ ሦስት ጊዜ አቻ አድርገናል ይላሉ። የተመዘገበው ሁለት ጊዜ ነው። አንድ ቀን ይሄን ነግሬያቸው አንቺ የት ነበርሽ የሚል ዓይን አዩኝ፣ ዝም አልኩ። አልፈርድባቸውም። ቴሌቪዥን አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ነው፣ ስለዚህ ያን ጨዋታ ቤቱ ተቀምጦ በመስኮት ያየ የለም። ስታዲየም የገባው በዓይኑ፣ ያልገባው በሬዲዮና በሰው አፍ ነው የያዘው። ሃምሳና ስድሳ ዓመት በአፍ የኖረ ጨዋታ አንድ ጎል ቢጨምር ምን ይደንቃል?

የከተማ ጩኸት ምን እንደሚመስል እዚህ ያለን ራሳችን ሰምተናል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 22 ቀን 2022 ሳዑዲ አርጀንቲናን፣ ያውም ሜሲ ያለበትን፣ 36 ጨዋታ ሳይሸነፍ የመጣውን ቡድን፣ 2 ለ 1 ስታሸንፍ ሱለይ መንገዱ ሁሉ ጥሩምባ ብቻ ሆኖ ነበር። የከባድ መኪና ጡሩንባ ሳይቀር። ሜሲ ቀድሞ አግብቶ ስለነበር ማንም አልጠበቀም። በማግሥቱ ንጉሡ የሥራ ዕረፍት አወጁ። ዕረፍቱ ለነሱ ነው፣ ለኛማ እንግዳ በዛና ድስቱ ሁለት ሆነ! ቢሆንም ያን ማታ የማላውቀው ደስታ በግድግዳ በኩል ሲገባ የጋሼን ወሬ አስታወሰኝ። ሳዑዲ ያሸነፈችው አንድ የምድብ ጨዋታ ነው። የኛዎቹ ያመጡት ግን ዋንጫውን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዋንጫውን የሚሰጡት ጃንሆይ ናቸው፣ የሚቀበለው አምበሉ ሉቺያኖ ነው። ሉቺያኖ የአስመራ ልጅ ነው፤ እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ጣሊያን። ጣሊያን ከወጣ ገና ሃያ ዓመት ቢሆን ነው፣ ቁስሉ አልደረቀም። ክልስ ልጅ በነጩም በጥቁሩም በኩል ስድቡ አይቀርለትም። ከባለሥልጣኖቹ መካከል ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ዋንጫ የሚቀበል ሰው ክልስ መሆን የለበትም፣ አምበልነቱ ለሌላ ይሰጥ ያሉ ነበሩ። አቶ ይድነቃቸው እምቢ አሉ። አምበሉ ሉቺያኖ ነው፣ ዋንጫውንም እሱ ይቀበላል። እንዳሉትም ሆነ።

ይሄን ቦታ ደጋግሜ አስቤበታለሁ። በጣሊያን ምክንያት በገዛ ከተማቸው ዳር የተደረጉ ሰው ናቸው። የቡድናቸውን ስም እንኳ የቀሙባቸው ጣሊያኖች ናቸው። የጣሊያን ልጅ ከፊት ሲቆም ትንሽ ቂም ቢይዛቸው፣ ዝም ብለው ባለሥልጣኖቹን እሺ ቢሉ ማን ይወቅሳቸው ነበር? እሳቸው ግን የተደረገባቸውን በሌላ ሰው ላይ አላደረጉም። ለኔ ከአራቱ ጎሎች ይልቅ ይሄ ይበልጥብኛል። ከመካከላችን ፓስፖርቷ ላይ ያለው ስም እናቷ ያወጣችላት ያልሆነ ስንት አለን? ገና በገባች ቀን ስምሽ ይከብደናል ተብላ በሌላ ስም የምትጠራስ? ሉቺያኖ ቫሳሎ የሚለው ስም ጃንሆይ ፊት ሳይቀየር ቆመ።

ሉቺያኖ በኋላ በደርግ ጊዜ ከአገር ሸሽቶ ወጣና ጣሊያን አገር ኖረ። ዋንጫውን የተቀበለው አምበል እንደኛው ስደተኛ ሆኖ አርጅቶ እ.ኤ.አ. በ2022 እዚያው አረፈ። መንግሥቱ ወርቁ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2010፣ አርፏል።

አቶ ይድነቃቸው ከዚያ ዋንጫ በኋላ ትግላቸው ከሜዳ ወደ ስብሰባ አዳራሽ ዞረ። እዚህ ላይ ብዙ ስብሰባና ብዙ ቀን ስላለ ሁሉንም አልዘረዝርም፣ ሁለቱን ብቻ።

አንደኛው የዓለም ዋንጫ ነው። እ.ኤ.አ. ለ1966ቱ ዋንጫ ከ16ቱ ቦታ ለአፍሪካ ለብቻዋ አንድም አልተሰጣትም፤ ከእስያና ከኦሺንያ ጋር ተደርባ ለአንዲት ቦታ ትሻማ ተባለ። ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር ሆነው አቶ ይድነቃቸው ይሄ አይሆንም አሉና የአፍሪካ አገሮች በሙሉ ከማጣሪያው ወጡ። ቡድን ያለው አገር ሁሉ የመጫወት ጉጉት አለው፣ አንድ ላይ ማስቀረት ቀላል እንዳይመስላችሁ። እኛ አንድ የማኅበር መዋጮ ላይ እንኳ ስንት ጊዜ እንጨቃጨቃለን! በ1970 ለአፍሪካ አንድ ቦታ ተሰጠ፣ ሞሮኮ ሄደች። በ1982 ሁለት ሆነ። ለ2026ቱ ዘጠኝ ደርሷል።

ሁለተኛው ያው የደቡብ አፍሪካ ነገር ነው። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ1961 አገዳት፣ በ1963 የፊፋው ፕሬዚዳንት እንግሊዛዊው ስታንሊ ራውስ ሄደው አይተው እገዳው ተነሣላት፣ በ1964 እንደገና ታገደች። በር ሲከፈት ሲዘጋ ማለት ነው። እገዳው ባላላ ቁጥር ከሚነሡት አንዱ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። በ1964 ዓ.ም. የካፍ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። እ.ኤ.አ. በ1974 ራውስ በምርጫ በብራዚላዊው ሃቨላንዥ ሲሸነፉ የአፍሪካ ድምፅ ትልቅ ድርሻ ነበረው። በ1968 ዓ.ም. ክረምት ሞንትሪያል ላይ ፊፋ ደቡብ አፍሪካን ጨርሶ አባረረ። ካርቱም ላይ ሦስት አገር የጀመረው እምቢታ የዓለም እምቢታ እስኪሆን 19 ዓመት ፈጀ።

አገር ቤት ደግሞ ንጉሡ ወርደው ደርግ ገብቷል። ስንት ትልቅ ሰው በጠፋበት በዚያ ዘመን እሳቸው የካፍ ፕሬዚዳንት እንደሆኑ ቆዩ፤ 15 ዓመት፣ እስኪሞቱ ድረስ።

አንድ ሌላ ሐሳብ ነበራቸው፣ እሱን ሳላነሣ ባልፍ እህቶቼ ይታዘቡኛል። አፍሪካ ምርጥ ተጫዋቾቿን ወደ ሀብታም አገር መልቀቋ ያሳስባቸው ነበር። ልጆቻችንን እዚሁ ይዘን አንድ ቀን ከዓለም ጫፍ እንድረስ፣ አለዚያ ጥሬ ዕቃ አቅራቢ ሆነን እንቀራለን፣ የወሰዱብን አገሮችም መልሰው ይረዱናል ብለን አንጠብቅ የሚል ነበር ነገራቸው። እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ ከሳቸው ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። የሄደ ልጅ ቤት ይሠራል፣ ታናናሾቹን ያስተምራል፣ የእናቱን መድኃኒት ይገዛል። ቅሩ ለማለት የሚያስቀር ነገር መኖር አለበት። ጥሬ ዕቃ የምትለዋ ቃል ግን ከአእምሮዬ አልጠፋችም። ኤርፖርት ላይ አንድ ዓይነት ከረጢት ይዘን፣ በመስመር ቁጭ ብለን፣ ቀጣሪ መጥቶ ፈርሞ እስኪወስደን ስንጠብቅ የነበረውን ስሜት ስም ያወጣችለት ይመስለኛል።

አቶ ይድነቃቸው በካንሰር ታመው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. አረፉ። ዕለቱ ቡሄ ነው። በእንቁጣጣሽ የተወለዱ ሰው፣ ልጆች ሆያ ሆዬ በሚሉበት ቀን ሄዱ። 66 ዓመት ሊሞላቸው ሦስት ሳምንት ያህል ነበር የቀራቸው። ደቡብ አፍሪካ ቀለም መለየቱን ትታ ወደ ኳሱ ስትመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ1992፣ አልደረሱም። እ.ኤ.አ. በ1996 ደቡብ አፍሪካ በገዛ ሜዳዋ፣ ነጩና ጥቁሩ አብሮ በተሰለፈበት ቡድን፣ የአፍሪካን ዋንጫ ስትበላም አላዩም። ነጭ ብቻ ወይ ጥቁር ብቻ ያለች አገር!

የኛ ቡድን ከ1954 ወዲህ ዋንጫውን አላገኘም። ግብፅ ሰባት አድርሳለች። ከ1974 ዓ.ም. በኋላማ ወደ ውድድሩ መግባትም አቅቶን 31 ዓመት ቆየን። በ2005 ዓ.ም. ስንመለስ ዋንጫው የተዘጋጀው የት ነው? ደቡብ አፍሪካ። የመጀመሪያው ጨዋታችን መቼ ነው? ጥር 13። ልክ በ51ኛ ዓመቱ። ይሄን ያቀናበረ ሰው የለም፣ ዕጣው ነው ያወጣው።

ጨዋታው ኔልስፕሩት በምትባል ከተማ፣ ካለፈው ዋንጫ ባለቤት ከዛምቢያ ጋር ነበር። እኔ ያን ጊዜ ተማሪ ነበርኩ፣ ግማሹ ሰፈር ጋሼ ቤት ተሰብስቦ አየን። ስታዲየሙ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ሆኖ አዲስ አበባ ነው የሚመስለው። የሞሉት ከሆሳዕናው፣ ከከምባታው፣ ከየቦታው ተሰደው እዚያ አገር ሱቅ የያዙ ልጆቻችን ናቸው፣ ሱቃቸውን ዘግተው የመጡ። ሳላዲን ሰዒድ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፣ በዐሥር ሰው ቀረን። ዕረፍት ሊወጣ ሲል ዛምቢያ አገባች። ጋሼ አንገታቸውን ደፉ። በ65ኛው ደቂቃ አዳነ ግርማ አገባ፤ አዳነ ያኔ የጊዮርጊስ ልጅ ነበር፣ የይድነቃቸው ቡድን። ከዚያ ወዲያ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፈን ተመለስን፣ እሱን ሁላችሁም ታስታውሱታላችሁ። የዚያን ቀን ግን 1 ለ 1 አለቀ። ጋሼ ቴሌቪዥኑ ገና ሳይዘጋ፣ ሁላችንንም ቁጭ አድርገው፣ የ54ቱን ከ84ኛው ደቂቃ ጀመሩልን።